አገር ያወቀው፣ ፀሐይ ያልሞቀው

የታወቀ ነገር ሲሆን «አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው» እንላለን። አባባሉን ያወጣው ሰው ጮቄ ተራራ ሥር ያደረ አይመስለኝም። እዚያ ባለችው ከተማ፣ በሮብ ገበያ፣ ክረምት ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ጉሙ ወርዶ ሰዉንም አህያውንም ይውጠዋል። አገር ያወቀው ግን ሞልቷል።

የገበያው ቀን አንዱ ነው፤ ስሙ ተናግሮ ጨርሷል። ድንች ጭኖ ከላይ የሚወርደው ገበሬ፣ ነጋዴው ከደብረ ማርቆስ እንደሚመጣ ያውቃል። ነጋዴውም ገበሬው እንደማይቀር ያውቃል። ገበሬው ደግሞ ነጋዴው ይህን ማወቁን ያውቃል። ዴቪድ ሌዊስ የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1969 እንዲህ ያለውን መተዋወቅ ለማስረዳት መጽሐፍ ጽፏል። አህያዋ መጽሐፍ ሳያስፈልጋት መንገዱን ይዛዋለች።

መከራው የእንግዳ ነው። «ገበያው በስንት ሰዓት ይደራል?» ብዬ አንድ አባት ብጠይቅ፣ «ሰው ሲመጣ ነዋ!» አሉኝ። የድንቹን ዋጋ ብጠይቅ፣ «የታወቀ ነው፣ ታውቀው የለ!» ተባልሁ። ሦስት ሻጮች ዘንድ ሦስት ዓይነት የታወቀ ዋጋ ሰማሁ። ደግሞ አለማወቄ በታወቀ ቁጥር የታወቀው ዋጋ ከፍ ይል ነበር።

የቅቤው ግን ይብሳል።

«እማማ፣ ለጋ ነው?»

«እሱማ የታወቀ ነው፣ የኔ ጌታ። ትናንት የተናጠ!»

«እስቲ ልቅመሰው» ብዬ ጣቴን ስሰድ ቅጠሉን መለስ አደረጉበትና፣ «ሮብ መሆኑን ረሳኸው እንዴ?» አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ከበዓለ ሃምሳና ከጥቂት በዓላት በቀር ሮብ ጾም ነው፤ ይህን አገር ያውቃል፣ እኔም ማወቄን እሳቸው ያውቃሉ። እንግዲህ ሮብ በሚውል ገበያ ቅቤ የሚቀመሰው በአፍንጫ ነው። ጾሙን ለነፍስ የሠሩት አባቶች ለቅቤ ነጋዴም ምን ያህል እንዳሰቡላት አላወቁም ይሆናል።

አሸተትሁ። እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ከፈልሁ።

በማግሥቱ ቤቴ ቀመስሁት፤ ትናንት የተናጠው የአምና ሆኖ ተገኘ። ልመልሰው ብዬ ብድግ ስል ባለቤቴ ሣቀች፦ «ሐሙስ ዕለት ሮብ ገበያ ማንን ልታገኝ ነው?»