ይህ የማይረባ ከረጢት

እናንተ የእኔ ዘመን ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱኝ! የኑሮ ውድነቱና የወገብ ሕመሙ አልበቃ ብሎ፣ አሁን ደግሞ መሪያችን ውስጥ የሚፈነዳ ነገር ቀብረውልናል። ኤርባግ ይሉታል። ልጄ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ መኪናው ከባድ ግጭት ሲገጥመው አንዲት ሴንሰር ቶሎ ታውቃለች፤ ኤሌክትሪክ ይላካል፤ እሱ አንድ ኬሚካል ይለኩሳል፤ ከዚያ የሚወጣው ጋዝ የናይለኑን ከረጢት ይነፋዋል። ይህ ሁሉ በ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ያልቃል አሉ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ እንኳ ከ100 በላይ ይፈጃል! ምን አስቸኮላቸው? በእኛ ጊዜ ግጭት እንኳ ወግ ነበረው። ተጋጭተን፣ ወርደን፣ የቤተሰብ ጤና ተጠያይቀን ነበር ስድብ የምንጀምረው።

የድሮ መኪናማ ብረት ነበር፣ ብረት! የእኔ ቮልስ ከግንብ ጋር ተላትማ አንድ ጭረት አልነካትም። ሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሪው ላይ ቀሩ እንጂ እሷስ ምንም አልሆነችም። የዛሬዎቹ ገና ሲነኳቸው ጭምድድ! ይባስ ብለው፣ የግጭቱን ጉልበት ውጦ እንዲያስቀር ሆን ብለን ነው እንዲጨማደድ የሠራነው ይላሉ። አፍረው እንኳ ዝም አይሉም።

ለመሆኑ ኤርባግ አዲስ ነገር ነው? ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር በሁለታችን ወንበር መሀል የሚቆመውን ልጅ በክንዷ ጥርቅም ታደርገው ነበር። አሜሪካዊው ጆን ሄትሪክም ነገሩን ያገኘው ከዚሁ ነው። በፈረንጆቹ 1952 ከሚስቱና ከትንሽ ልጁ ጋር ሲነዳ፣ ድንጋይ ለማምለጥ መሪውን ጠምዝዞ ቦይ ገባ። ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ እጃቸውን ልጅቷ ፊት ዘረጉ። ሰውዬው ያንን እጅ የሚተካ ነገር ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ በ1953 የፈጠራ መብት አገኘበት። ፋብሪካዎቹ ኤርባግን ለገበያ ያቀረቡት ግን መብቱ ጊዜው ካለፈበት በኋላ ነው። ባለቤቴም ቤሳ አላገኘችበትም።

አሁን ደግሞ ሕፃን ፊት አይቀመጥም ብለው ያስፈራሩናል። ፊቱን ወደኋላ አዙሮ የሚታሰር የሕፃን ወንበር ኤርባግ ፊት ለፊት ከተደረገ፣ ከረጢቱ ሲፈነዳ ልጁን ሊገድለው ይችላል አሉ። ልጄማ መሪውን አቅፌ ስነዳ አይቶ፣ «አባዬ፣ ከደረትህ እስከ መሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይኑር» ብሎ ሜትር ይዞ ለካኝ። በስተርጅና ሱፍ ሊያሰፋልኝ ነው እንዴ?

ቀበቶውስ ቢሆን? ከረጢቱ ካለ ይበቃ ነበር። የለም፣ ኤርባግ የቀበቶ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም ይሉናል። ያልታሰረ ሰው ከረጢቱ ገና በኃይል ሲነፋ ይላተመዋል፤ የታሰረው ግን ተነፍቶ፣ በቀዳዳዎቹ መተንፈስ ሲጀምር ነው ደገፍ የሚልበት። እኔ ቀበቶ አንገቴን ስለሚፈገፍገኝ ትራፊክ ሳይ ብቻ ደረቴ ላይ ጣል አደርጋታለሁ። በዚህስ ማን ተጎዳ?

ባለፈው ሰሞን ያገለገለች ቪትዝ ልገዛ ሄድኩ። ቁልፍ ሲዞር የኤርባጓ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርታ መጥፋት ነበረባት፤ ጭራሽ አልበራችም። መነጽሬን አድርጌ የመሪውን ክዳን ጠጋ ብዬ ባየው ጠርዙ በኮላ ተለጥፏል፤ በጣቴ ባንኳኳው ውስጡ ባዶ ነው። ከዚህ በፊት ፈንድቶ ኖሯል! ደላላው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «አባባ፣ መብራቷ ካልበራች እኮ ጤነኛ ናት ማለት ነው» ይለኛል። የዛሬ ሰው! ለማንኛውም ያንን የማይረባ ከረጢት ኦሪጅናሉን ካላስገቡልኝ አምስት ሳንቲም አልከፍልም ብዬ ጥያት መጣሁ።