አዲስ ጠጅ ባሮጌ አቁማዳ

ሲልቨርስቶን የተባለው የታይዋን ኩባንያ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የነበረውን የቢሮ ኮምፒውተር የሚመስል የኮምፒውተር ሣጥን ለ«አፕሪል ዘ ፉል» ቀልድ አሳየ። ሰው ግን ከመሳቅ ይልቅ ዋጋ ጠየቀ። ቀልዱ ዕቃ ሆኖ ገበያ ወጣ።

የዚያ ሣጥን ታናሽ የሆነው ኤፍኤልፒ02 ደግሞ ይብሳል። ቀለሙ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ፀሐይ የመታው ክሬም ነው። ፊቱ ላይ ፍሎፒ የማይውጡ የፍሎፒ አፎች ተደርድረዋል። ባይውጡም ተመስገን ነው፤ ባለ 100 ጊጋባይት ጨዋታ ለመጫን ባለ 1.2 ሜጋባይቱን ዲስክ ከ80,000 ጊዜ በላይ ማጉረስ ሊኖርብን ነበር። የቁልፍ ቀዳዳም አለው፤ ሌባው ሣጥኑን እንዳለ ተሸክሞ ካልሄደ አስተማማኝ ነው። «ቱርቦ» የተሰኘው መጫኛም ተመልሷል። ድሮ ስሙ ፍጥነት ይሁን እንጂ ዋና ጥቅሙ ለቆዩ ጨዋታዎች ሲባል ማሽኑን ማዘግየት ነበር። ዛሬ ማራገቢያዎቹን በሙሉ ኃይል ያስጮኻል። ኮምፒውተሩ አይፈጥንም፤ ጎረቤት ግን የፈጠነ ይመስለዋል።

እናንተ ዕቃ ቤት ውስጥ እውነተኛው አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ፣ ቆራሌው ሲመጣ ለጊዜው ዝም በሉ።