ፍሬን የሌለው ነገር

መርሳ ላይ «በጀልባ ልሄድ ነው» ማለት ቀልድ አይደለም። የወረዳችን የሀብሩ እናት ጀልባ ሲባል የሚታያት የጅቡቲው ኦቦክ ነው፤ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በመርከብ ልሻገር መሆኑን ለእናቴ ስነግራት ሰፌዷን እንደያዘች ዝም አለች። በመጨረሻ «ደላላው ማነው?» አለችኝ። «አብሽሪ እማ፣ ጣና ደላላ የለውም፤ ወዲህም ወዲያም አገራችን ነው» ብላት አልዋጥላት አለ። አጎቴ ካልተከተለኝ ንቅንቅ እንደማልል ቁርጡን ነገረችኝ።

አጎቴ የአሰብ ሾፌር ነበር። በደርግ ጊዜ የጭነት መኪና ይዞ ከኮምቦልቻ አሰብ ሲመላለስ የኖረ፣ ባሕርን እስኪበቃው ያየ፣ እግሩን ግን አንዴም ያልነከረ ሰው ነው። ከወልድያ ተነሥተን የድልብን አቀበት ስንወጣ፣ ጋሸናን አልፈን ደብረ ታቦር እስክንደርስ ድረስ የአውቶቡሱን ሾፌር ሲያርመው ዋለ። ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ የሾፌሩ ነው ባይ ነው።

ጉዞው ከሰሜኑ ጦርነት በፊት የሆነ ነው። ያኔ መርከቧ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ከባሕር ዳር ትነሣና ዘጌንና ደቅን ነካክታ ቁንዝላ ታድርና ሰኞ ጎርጎራ ትገባ ነበር። አቴንስ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ዋዜማውን ደውላ ይህን ስትሰማ በሳቅ ሞተች። እዚያ ከፒሬየስ ወደብ ወደየደሴቱ የሚወጣው መርከብ በበጋ ቀን ከሌት አያርፍም፤ የጭነት መኪና ሳይቀር ከነተሳቢው ሆዱ ውስጥ ይከታል። አጎቴ ስልኩን ነጠቀኝ።

«ሾፌሩስ?»

«ፎቅ ወጥቶ ቡናውን ይጠጣላ!»

«መኪናውን ለማን ትቶ?»

መልሷን ሳይጠብቅ ስልኩን መለሰልኝ። ለእንዲህ ያለው ሰው መንጃ ፈቃድ የሰጠውን ሲረግም አመሸ።

ሲነጋ ወደቡ መናኸሪያ ሆኖ ጠበቀን። የበቆሎ ማዳበሪያ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ ከሁሉ ቀድማ ቦታ የያዘች አንዲት ፍየል። ገና ሳንሳፈር ለወንበር ግፊያ ተጀመረ። አጎቴ ግፊያውን ንቆ በቀጥታ ወደ ነጂው ሄደና አጠገቡ ተቀመጠ፤ ጋቢና መሆኑ ነው። መሪውን፣ ሰዓቶቹን፣ የነጂውን እግር ተራ በተራ ሲመረምር ቆየ።

«ልጄ፣ ፍሬኑ የትኛው ነው?»

«ፍሬን የለውም አባባ።»

«ለማቆም ሲፈለግስ?»

«ኋላ ማርሽ እናስገባለን።»

አጎቴ ጋቢውን አጠበቀ። ወደ ፊት እየሄዱ ኋላ ማርሽ ማስገባት፣ በእሱ ዘመን፣ ካምቢዮ ሰብሮ ደመወዝ የሚያስቆርጥ ነገር ነበር።

የጣና ነፋስ ጠባዩ ይታወቃል። ጠዋት ውኃው ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ይነሣበታል። ግሪኮችም በሐምሌና በነሐሴ መልቴሚ የሚሉት ነፋስ አላቸው፤ ሲከፋ መርከቦቹ እንዳይወጡ ይከለከላሉ። እኛን ነፋሱ ያገኘን መሀል ላይ ነው። መርከቧ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ስትል ከጋቢናው «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ወጣ። የሰው ሁሉ ፍርሃት በሳቅ ተሰበረ። አንድ የዘጌ ዲያቆን ብቻ በትሕትና «ዋና ይችላሉ?» ሲል ጠየቀው።

ነጂው ሊያጽናናው ፈልጎ የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር መሆኑን ነገረው። አጎቴ የራሱን ቁመት አሰበ መሰለኝ፣ አልተጽናናም። እኔ ደግሞ ከመርሳ ቅርብ ያለው የኛው ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ እንደሚጠልቅ ስነግረው ግን ፊቱ በራ። ስፋቱ ከጣና ጋር የማይወዳደር መሆኑን አላነሣሁበትም። ከዚያ ወዲያ ጣናን የሚያየው እንደ ኩሬ ነው። ደቅ አጠገብ ስንደርስ ዲያቆኑ የአፄ ይኩኖ አምላክ አፅም በዳጋ እስጢፋኖስ እንዳለ አጫወተን። አጎቴ ቀበል አድርጎ «ያሳደጋቸውማ የኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው ያስተማሯቸው» አለ። ነገሥታቱ ሳይቀሩ ከወሎ ተነሥተው በዚህ ውኃ መሻገራቸው ትንሽ ሳያረጋጋው አልቀረም። ቁንዝላ ስናድር ግን ወደ ወንበሩ ሳይሆን ወደ መሬቱ ነው የተጠጋው።

ጎርጎራ እንደወረድን የመመለሻ ትኬት ሲቀርብለት ሰውዬውን ገላመጠውና የጎንደር መኪና የሚነሣበትን ጠየቀ። በጎንደር ዞረን፣ በየብስ፣ ፍሬን ባለው ነገር ተመለስን።

ባለፈው መርሳ ስሄድ ሻይ ቤት አገኘሁት። ወሬው ስለ አዲሲቱ መርከብ፣ ስለ ጣናነሽ ሁለት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ጣና ድረስ መንገዱን የጀመረችው፣ 38 ሜትር የምትረዝመው። መንገዱ ሲጠባት፣ ሰው ለማየት ሲግተለተል በቪዲዮ አይቷል። አጎቴ ይህን ለአቴንሷ ልጅ እንድነግርለት ደጋግሞ አደራ አለኝ።

«እዚያ መርከብ መኪና ይሸከማል አለችኝ አይደል? እዚህ መኪና ነው መርከብ የተሸከመው! በል በላት፣ ሾፌሩም ቡና አልጠጣም።»