የተቋራጩ ውዳሴ

ይህ ጽሑፍ ስለ ቤት ሥራ ብቻ ነው። ሌላ ነገር የታየው አንባቢ ቢኖር ጥፋቱ የመነጽሩ ነው።

ተቋራጭ ሲመጣ ማየት ደስ ይላል። ባለቤቱን አቅፎ ይስማል፣ ልጆቹን በስማቸው ይጠራል፣ ፕላኑን ዘርግቶ ገና ያልተቆፈረውን ሳሎን ያስጎበኛል። ከእሱ በፊት የነበረው ተቋራጭ ሌባ እንደነበር ይነግረናል፤ እኛም እናውቃለንና ራሳችንን እንነቀንቃለን። ቀብድ እንከፍላለን። "ኢንጂነር" እንለዋለን፤ ዲግሪውን የጠየቀ የለም።

ሥራው ከአጥሩ ይጀመራል። ወደ መንገድ ያለው ፊት ይለሰናል፣ ቀለም ይቀባል፣ መብራት ይንጠለጠልበታል፣ በሩ ላይ ፏፏቴ ይፈሳል። መንገደኛው ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ጓሮው ግን ጣሪያ የለውም። ባለቤቱ "ወጥ ቤቱስ?" ቢሉ "ውበት አይገባዎትም" ይባላሉ፤ በዚያው አፍ ሁለተኛው ክፍያ ይጠየቃል። ፌሮ ተወደደ፣ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ጎረቤት ምቀኛ ነው፣ አፈሩ ራሱ ኮተቻ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ሁሉ ውለታ የማያውቅ ደረቅ መጽሐፍ ነው። አንቀጽ 2610 ተቋራጭ ማለት በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ሊያስረክብ በዋጋ የተዋዋለ ሰው ነው ይላል፤ ለቀድሞው ሌባ ቦታ አልሰጠውም። በአንቀጽ 1757 መሠረት የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ወገን ሌላውን "የአንተን አምጣ" ሊል አይችልም። ጣሪያ ሳይኖር የጣሪያ ክፍያ የለም ማለት ነው።

አንቀጽ 1772 ባለቤቱ አስቀድመው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ያዛል። የሰጡ አሉ። በማግስቱ "የቤቱ ጠላት" ተብለው ከገዛ ግቢያቸው እንዳይገቡ ለዘበኛው ተነገረ። የዘበኛውን ደመወዝ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ማስጠንቀቂያው ካልሠራ ውሉ እንዲሰረዝና ኪሣራ እንዲከፈል ይጠየቃል፤ አለዚያም በአንቀጽ 1777 ዳኛ ከፈቀደ በተቋራጩ ወጪ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። ተቋራጩ "እኔ ከሄድኩ ቤቱ ይፈርሳል" ይላል። ውል ይሰረዛል የሚል አንቀጽ አለ፤ ተቋራጭ ሲሄድ ቤት ይፈርሳል የሚል ግን አላገኘንም።

አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው እንዲህ ሲያንጎራጉሩ ተሰምተዋል፦

ማገሩ ሳይገባ ጣሪያው ሳይመታ፣
አልጋዬ ላይ ወጣ የቤት ሠሪው ጌታ፤
በሕግ ቀስቅስልኝ አንተ ደጉ ዳኛ፣
ሠርቶ ያልደከመ አይነሣም ከተኛ።

እናታችን ያሉት ስለሚተኙበት አልጋ ነው።

አንቀጽ 3039 ደግሞ ተቋራጩን ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ጉዳቱ ከአፈሩ ጠባይ ቢመጣ እንኳ "አፈሩ ነው" ብሎ አያመልጥም። ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው ግን ከርክክቡ ቀን ነው። ተቋራጮቻችን ሕግ አያነቡም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ይህችን አንቀጽ በቃላቸው ይወጧታል። ርክክብ የሚል ቃል በተነሣ ቁጥር ሁሉም ቀለም ሊጨምሩ ወደ አጥሩ ይሮጣሉ።