በሞቴ የማይባልለት ኬክ

ሻይ የምጠጣበት ብርጭቆ ነበረኝ። ወገቡ ቀጠን ያለ፣ አፉ ላይ ወርቃማ ቀለበት ያለው፣ እጀታ የሌለው፣ ጣት የሚያቃጥል። ጣት የማያቃጥል ሻይ ሻይ አይመስለኝም። ካራቆሬን በመሰለ ቆላ እየኖሩ ትኩስ ሻይ መውደድ ምን የሚሉት ፍቅር እንደሆነ የሚጠይቀኝ ደገኛ ካለ መልስ የለኝም። (ካራቆሬ ስል የአዲስ አበባዋን፣ ታክሲ የሚጠራላትን ካራቆሬን ማለቴ አይደለም፤ በደሴ መንገድ ከአጣዬ አለፍ ብላ ያለችውን የይፋቷን ነው።) ይኸው ብርጭቆ አሁን ቡፌው ላይ ተደፍቶ ቆሟል። ቂጡ ላይ ባለ አበባ ሳህን ተለጥፎበታል፤ ሳህኑ ላይ ሮዝ ክሬም የለበሰ ኬክ ተቀምጧል፤ ኬኩ ላይ ሦስት እንጆሪ። ኬኩ ኬክ አይደለም። ክሬሙም ክሬም አይደለም። እውነተኛው ነገር የኔ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ እሱም በሱፐር ግሉ ታስሯል።

የሠራችው የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። «እታለም፣ ብርጭቆዬስ?» ብላት፣ «ጋሼ ደግሞ! ለጊዜው በኩባያ ይጠጡ፤ እሱ እኮ እግር ሆኗል» አለችኝ። እግር ሆኗል! ሰው ከሥራ መደቡ ሲዛወር እንኳ ደብዳቤ ይደርሰዋል።

ልጅቷን አላማትም፤ እጀ ወርቅ ናት። ዘዴውን ያገኘችው ከቲክቶክ ነው፤ ዕቃውን ግን ከእኛው ጓዳ። ድሮ «ልዋጭ!» የሚሉት ሲመጡ አሮጌ ልብስና ጫማ አውጥተን አዲስ ሳህንና ጆግ እንቀበል ነበር። እሷ ንግዱን ገልብጣዋለች። የተሸረፈ ሳህን፣ ጓደኞቹ ተሰብረው ብቻውን የቀረ የፍንጃል ማስቀመጫ፣ ቅቡ የተላጠ ትሪ፣ ክዳን የሌለው በራድ፤ ማንም የጣለውን ትሰበስባለች። እሑድ ሰንበቴ ገበያ፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኝበት፣ ሰው ፍየልና ማሽላ ሲያማርጥ፣ እሷ አንድ እግሩ የተሰበረ የሻማ ማብሪያ ይዛ ትመለሳለች። ሻጩ በምን ያህል እንደሚሰጣት ሲነግራት ያዘነላት ይመስለኛል።

ከዚያ ሥራ ይጀመራል። ቴሌቪዥን ካርቶኑ ውስጥ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ነጭ ፎም በቢላ ክብ ክብ አድርጋ ትቆርጣለች። ጀሶ ከኮላ ጋር ታቦካለች፤ ቀለም ጠብ ታደርግበታለች። ፌስታሉን ሞልታ፣ ጫፉን ቀዳ፣ እየጨመቀች በፎሙ ዙሪያ ትጠመዝዘዋለች። ጀሶ አንዴ ውሃ ከነካው ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ማስነጠስ ክልክል ነው። ከላይ እንደ ተፈጨ ለውዝ የሚነሰነሰው ሰጋቱራ ነው። እንጆሪውን ከጭቃ ጠፍጥፋ በመርፌ ትነቅሰዋለች። ሲያልቅ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ምራቅ ያስውጣል። በትልቁ መንገድ ዳር ያለ አንድ ካፌ ሦስቱን ገዝቷት መስታወቱ ውስጥ ደርድሯቸዋል።

ማንም እንደሚያውቀው ቡፌ ለቤቱ ሰው የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ለእንግዳ ነው። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ ከቡፌው ውስጥ ምንም አይወጣለትም፤ «ያ ቢሰበርስ?» ተብሎ ሌላ ይፈለጋል። የእኛው ቡፌ ከሠርጋችን ጀምሮ ያልታጠቡ፣ ምክንያቱም ያልቆሸሹ፣ ስድስት የወይን ብርጭቆዎች ይጠብቃል። አጠገባቸው የፕላስቲክ ፍራፍሬ የተከመረበት ጎድጓዳ ሳህን አለ፤ ቀይ ፖም፣ ሐምራዊ ወይን። ይህ የሆነው የት ነው? ሸዋሮቢት አካባቢ አውቶቡስ ፍጥነቱን ገና ሳይቀንስ ማንጎና ፓፓያ በሳፋ የያዙ ልጆች በየመስኮቱ ሥር በሚሮጡበት አገር! እውነተኛውን ማንጎ ጓዳ ተቀምጠን፣ ጭማቂው በክርናችን እየወረደ እንበላዋለን፤ ቆላ የማይበቅለውን ፖም በፕላስቲክ ሳሎን አስቀምጠን አቧራውን እንጠርጋለን። ስለዚህ ኬኩ ድንገት ከሰማይ አልወረደም። ወንድሞቹ ቀድመውት ቡፌው ላይ ነበሩ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ እንግዳው ነው። በእኛ አገር ምግብ ፊት ተቀምጦ «እንብላ» አለማለት ነውር ነው። ይህ ነገር ደግሞ ምግብ ነኝ እያለ ሳሎን መሃል ተቀምጧል። እንግዳው ያየዋል፤ አይቶም ዓይኑን ቶሎ ይመልሳል፤ አስተዳደጉ ነው። እኛም ማየቱን አይተናል። አሁን «ብላ» ልበለው? ምናልባት ይበላል። ዝም ልበል? ስስታም እባላለሁ። «የውሸት ነው» ልበለው? ሳይጠይቁት እንዲያ ማለት «እንዳትነካ» ከማለት አይለይም።

ሥርዓቱ ደግሞ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ግብዣ ለወጉ ነው፤ እንግዳው ከትናንት ጀምሮ እህል ባይቀምስም «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ይላል። በሁለተኛው «ኧረ ትንሽ ቅመስ» ሲባል ሆዱን ዳሰስ ያደርጋል። በሦስተኛው «በሞቴ!» ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት የጋባዡን ሞት መመኘት ስለሚሆን እጅ ይዘረጋል። የእህታችን ኬክ በሕይወት የሚኖረው በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ነው። እንግዳው እምቢ ሲል እኛ እፎይ ብለን እንተወዋለን። በዚህ ቤት ታሪክ በሞቴ ያልተባለለት ምግብ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ የሚላት ከዚህ ይሰማኛል፦ «ኬክ ፊቴ አስቀምጠው፣ አንዴ እንኳ ሳይደግሙልኝ!» «ምን ዓይነት ኬክ?» «ባለ እንጆሪ።» «እነሱ ድሮም እንዲያ ናቸው!» ድሮም! ስንት ዓመት ያፈላነው ቡና፣ ስንት ዓመት የቆላነው ፈንዲሻ፣ በአንድ ቁራጭ ፎም ተሰረዘ።

ሥርዓቱን የማይጠብቅም አለ። አንዲት ጎረቤታችን፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ቡና ሊጠጡ መጥተው ገና ሳይቀመጡ «ቢስሚላህ» ብለው ከክሬሙ ጫፍ ቆንጠር አደረጉ። ሁላችንም ደረቅን። ምላሳቸው ላይ አስቀመጡት፤ ጥቂት አሰቡ። «ማሻ አላህ፣ ይጣፍጣል» አሉና ውሃ ጠየቁ። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ጀሶ እንኳ አያሸንፈውም። እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። እሳቸውም ለሰፈሩ ሁሉ ኬካችን ትንሽ ስኳር እንደሚያንሰው ነግረዋል።

ከሠርግ ቤት የተማርነው እንደሆነ ልቤ ያውቀዋል። በየአዳራሹ የሚቆመው ያ ባለ አምስት ፎቅ ኬክ፣ ባለ ዓምዱ፣ ባለ ደረጃው፣ ስንቱ ፎቅ ፎም እንደሆነ ከዲኮር ሠሪዎቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ሙሽሮቹ ቢላውን አብረው ይይዙና ቀድሞ በተነገራቸው ቦታ ብቻ ይቆርሳሉ፤ እዚያ ቦታ አንዲት እውነተኛ ቁራጭ ተሸጉጣለች። ቪዲዮ ቀራጩ «አንዴ ድገሙልኝ» ይላል፤ ሙሽራው ቢላውን ትንሽ ወደ ቀኝ ካዞረ ጉድ ፈላ። እሑድ የሚያገቡት፣ ቅዳሜ ሌሎች የቆረሱትን ያንኑ ኬክ ይቆርሳሉ። ከጓሮ በኩል ተቆራርጦ የሚታደለው ሌላ ነው። የጥንቱ ድፎ ዳቦ ምን በደለ? ኮባው እንኳ ሲላጥ እውነተኛ ነበር።

እንግሊዞችም አድርገውታል፤ እነሱ ግን ምክንያት ነበራቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስኳር በራሽን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1940 የምግብ ሚኒስቴራቸው ኬክ በስኳር ቅብ ማልበስን ከለከለ። ሙሽሮቹ ከካርቶንና ከጀሶ የተሠራ ባለ ፎቅ ሽፋን ተከራይተው ከሥሩ አንዲት ትንሽ ኬክ ይደብቁ ነበር። ፎቶው ላይ ግን የንጉሥ ሠርግ ይመስላል። ጃፓኖቹ ደግሞ ነገሩን ሙያ አደረጉት። ኢዋሳኪ ታኪዞ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1932 ኦሳካ ውስጥ የሰም ምግብ እየሠራ ለምግብ ቤቶች ማቅረብ ጀመረ፤ ዛሬ በየምግብ ቤቱ መስኮት ሾርባው ከነእንፋሎቱ የሚወጣ የሚመስል የፕላስቲክ ምግብ ይደረደራል። ልዩነቱን ልንገራችሁ። የጃፓኑ አስመስሎ የሚያሳይህ የሚያመጣልህን ነው። የእኛው ካፌ አስመስሎ የሚያሳይህ የማያመጣልህን ነው። የደሴ መኪና ሲቆም ልጅ መስታወቱን በጣቱ እያመለከተ «ያንን!» ይላል፤ አስተናጋጇ «አልቋል» ትላለች። እንዴት ነው ፊታችን ተቀምጦ የሚያልቀው? እናትየው ደረቅ ብስኩት ትገዛለታለች፤ ልጁ እስከ ከሚሴ ያለቅሳል።

ይህን ሳስብ ነው አንድ ወዳጄ ኬኩን አይቶ «ውይ፣ ጀሶ በምግብ መልክ! ምን ዘመን ላይ ደረስን!» ያለኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም። ጀሶ የምግብ መልክ ሲይዝ የደነገጥክ ሰው፣ ምግብ ውስጥ ጀሶ ሲገባ የት ነበርክ? ጀሶ ከሊጥ ጋር አቡክተው፣ ጋግረው፣ እንጀራ ብለው የሸጡ ሰዎች መያዛቸውን በዜና የሰማነው አንዴ ነው? በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር። እነዚያ እንደ እህታችን ሳሎን አላስቀመጡትም፤ በሚዛን መዝነው፣ «ይመችሽ እናቴ» ብለው፣ መርቀው ነው የሸጡት። እናት ከወር ደመወዟ ቀንሳ የገዛችውን እንጀራ ጠቅልላ ለልጇ ታጎርሳለች። ልጅ ሳያይ፣ ሳይጠይቅ አፉን ይከፍታል። በዚያች በተከፈተች አፍ በኩል ትርፍ የሚቆጥር ሰው ምን ይባላል? እኔ ስም የለኝም፤ ያለኝ ስም የሚጻፍ አይደለም። በአገሩ ካለው ሐሰተኛ ምግብ ሁሉ እውነት የሚናገረው ይህ ሮዝ ኬክ ብቻ ነው። ጥርስህን ካሳረፍክበት ወዲያው ይነግርሃል። ያኛው ግን ዝም ብሎ ይዋጣል፤ ሰዎቹም ተቀጥተው ሲወጡ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ምጣዱ እንደገና ይሟሻል።

እሺ። ሻዩም ቀዝቅዟል፤ በኩባያ እኮ ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ምሕንድስናን የሚመለከት ነው። ብርጭቆ ተደፍቶ፣ ሳህን ተለጥፎበት፣ በሳህኑ ላይ ሌላ ብርጭቆ፣ እንደገና ሳህን፤ ይህ ሁሉ ካራቆሬ ላይ! ከተማችን እኮ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። በሳይንስ ሊቃውንት ዘንድ ስሟ የሚታወቀው በማሽላዋ አይደለም፤ በመሬት ነውጧ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ በተለይ ግንቦት 24 ቀን፣ ማጀቴ ፈረሰች፣ የካራቆሬ ቤቶችም ወደቁ፣ የአሥመራው መንገድ ተሰነጣጠቀ። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያቋቋሙት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ነገሩን መርምረው በመጽሐፋቸው አስፍረውታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከፈንታሌና ከዶፈን በኩል የተነሣው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ይህ መንገድ ከዚያ በፊት ያየውን ሌላ ዓይነት መናወጥ አላነሣም፤ ወጌን ያበላሽብኛል። ብቻ ቡፌ ውስጥ ያሉ ብርጭቆዎች በሌሊት እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ የሰማ ሰው፣ ብርጭቆ ላይ ብርጭቆ አይተክልም።

ይህንን ለእህታችን ነገርኳት። «ጋሼ፣ ፎም ቢወድቅ አይሰበርም እኮ» አለችኝ። ስለ ኬኩ እውነቷን ነው።

ለምስክርነት በ1953 ልጅ የነበሩትን የጎረቤታችንን አባት ጠራኋቸው። እሳቸው ኬኩን አንዴ አዩና «ይሄ መድኃኒት ነው?» ብለው ወደ ነውጡ ገቡ። የእናታቸው ጋን ጠላ እንደያዘ ከማጀት ተንከባሎ ደጃፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በነገሩን ቁጥር ጋኑ ያድጋል፤ በመጨረሻው ጊዜ በርሜል ያህል ነበር። «ሌሊት ነበር» ይላሉ፤ ከጎናቸው የተቀመጠው ወንድማቸው «ቀን ነው እንጂ፣ ከብት ጥበቃ ላይ ነበርን» ይላል። ብዙ ቀን ስለተንቀጠቀጠ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ብነግራቸው ሁለቱም ተቆጡኝ። ከዚያ ወንድምየው ዘንድሮ ማሾውን አሁን ሸጦ እንደሚገላገል ተናገረ፤ እሳቸው «ዋጋ እስኪወጣ ማቆየት ነው» አሉ። «ነቀዙስ?» «አመድ ትነሰንስበታለህ።» እዚህ ላይ እኔም ገባሁበት፤ አመድ የሽንብራ ነገር ነው፤ ለማሾ የኒም ቅጠል ይሻላል። ደርቆ ግን መሆን አለበት፤ እርጥቡ ይሻግታል። እሳቸው አመዱም የምን እንጨት አመድ እንደሆነ ይወስነዋል ባይ ናቸው፤ የወይራ ከሆነ...