የወላጅ ንባብ በፎገራ ሜዳ፦ ስለ ዕልባት አለመንቀሳቀስ አጭር ጥናት

፩. ወሰንና ትርጓሜ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ የምትገኝ የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበባት ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ የሚዘራበት፣ በበጋም ውኃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርት የሚለማበት በመሆኑ፣ መሬቱ ራሱ ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። በእንዲህ ያለ ምድር ልጅ የሚያሳድግ ሰው መጽሐፍ የሚያነብበትን ጊዜ ከየት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ተገቢውን ትኩረት ስላላገኘ፣ ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሰኞ እስከ እሑድ ባለው ወሰን ይመረምራል።

እዚህ ላይ «ወላጅ» የተባለው ፈረቃቸው የማይገጥም ሁለት ተማሪዎች ያሉት ሰው ሲሆን፣ አንደኛው ጠዋት ሌላው ከሰዓት ስለሚማሩ ቤቱ ከልጅ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት የለውም። «ንባብ» የተባለውም ወላጁ ወዶ የመረጠው መጽሐፍ እንጂ የክትባት ካርድን፣ በሳል ሽሮፕ ብልቃጥ ላይ ያለውን የአወሳሰድ መመሪያ፣ ከትምህርት ቤት የተላከውን የወላጅ መጥሪያና የሁለተኛ ክፍል የቤት ሥራን አይጨምርም፤ እነዚህ ቢቆጠሩ ኖሮ ወላጅ ከሊቃውንት ሁሉ የላቀ አንባቢ ሆኖ ይገኝ፣ ጥናቱም እዚሁ ላይ ያበቃ ነበር።

፪. የንባብ ዓይነቶች

የወላጅ ንባብ በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው «የተራ ንባብ» ሲሆን፣ ይህም ሩዝ ለማስፈልፈል የሄደ ወላጅ ተራው እስኪደርስ ጆንያው ላይ ተቀምጦ የሚያነበው ነው። የመፈልፈያው ሞተር ጩኸት «እማየ» ወይም «አባየ» የሚለውን ጥሪ ስለሚውጥ ቦታው ለንባብ እጅግ የተመቸ ቢሆንም፣ ያው ጩኸት የተረኛውንም ስም አብሮ ስለሚውጥ፣ አንድ ምዕራፍ ጨርሶ ቀና ያለ ሰው ከኋላው የነበሩት ሁሉ አስፈልፍለው ሄደው፣ እሱ ቅንድቡና መጽሐፉ የገለባ ብናኝ ለብሰው ይገኛል።

ሁለተኛው «የመንገድ ንባብ» ነው። ከወረታ እስከ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ በስሌት ደረጃ ብዙ ገጽ ሊያስነብብ ይገባው ነበር፤ ይሁን እንጂ ልጅ ያልያዘ ወላጅ መቀመጫ ሲያገኝ የሚያደርገው ነገር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሚኒባሱ የጉማራን ድልድይ ሳይሻገር መጽሐፉ ጉልበት ላይ ይደፋል። ሦስተኛው «የአጎበር ንባብ» ሲሆን፣ ሜዳው ወባማ በመሆኑ ልጆች ከተኙ በኋላ አጎበር ውስጥ በስልክ መብራት የሚካሄድ ነው፤ ሆኖም ልጅ የሚያስተኛ ሰው ከልጁ ቀድሞ እንቅልፍ ስለሚወስደው፣ ይህ ዓይነቱ ንባብ በአብዛኛው በሐሳብ ደረጃ የቀረ ነው። አራተኛው «የመጠቅለያ ንባብ» ለልጆች የተገዛው ቆሎ ካለቀ በኋላ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግቶ ማንበብ ነው። ርእሱን መምረጥ አይቻልም፤ ከመካከል ይጀምርና ወረቀቱ የተቀደደበት ላይ ይቆማል፤ ከአራቱ ውስጥ እስከ መጨረሻው የሚነበበው ግን ይኸው ብቻ ነው።

፫. የዕልባት ጠባይ

ዕልባት ማለት አንባቢ ያቆመበትን ገጽ እንዲያመለክት በመጽሐፍ መካከል የሚቀመጥ ማንኛውም ነገር ሲሆን፣ በወላጅ ቤት ይህ ነገር ዕጣው የወጣበት ሎተሪ፣ የመብራት ደረሰኝ ወይም ከሰኔ ጀምሮ ጠፋ ተብሎ ሲፈለግ የከረመ የውጤት ካርድ ሊሆን ይችላል። ዕልባት ወደ ፊት የሚሄደው በንባብ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ የሚሄደው ግን በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም ወላጁ ያነበበውን ረስቶ ምዕራፉን እንደገና ሲጀምረው፣ አንድም ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ዕልባቱን አውጥቶ ካኘከው በኋላ ደስ ያለው ገጽ ላይ ሲመልሰው ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ዕልባቱን አንድ ገጽ ላይ ያቆየ ወላጅ እንደ ሰነፍ ሳይሆን ይዞታውን እንዳስከበረ ሰው ሊቆጠር ይገባዋል።

የመጽሐፉ ውፍረትም ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚታይ ነው። ከጣና ማዶ፣ ዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ቀጭን በመሆኑ ለወላጅ ታስቦ የተጻፈ ይመስላል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ፣ ልጁ ፊደል ሳይቆጥር የጀመረው ወላጅ ልጁ ሚኒስትሪ ሲፈተንም አጋማሹ ላይ ሊገኝ ይችላል።

፬. የችግሩ መንሥኤ

ለዕልባት አለመንቀሳቀስ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የጊዜ እጦት ነው፤ ነገር ግን ቡና ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ የሚጠጣን ማኅበረሰብ ጊዜ የለውም ማለት ያስቸግራል። ጉዳዩን ጠለቅ ብሎ ለመረመረው፣ መንሥኤው መጽሐፍ የያዘ ሰው በሰው ዓይን ሥራ ፈት ሆኖ መታየቱ ነው። ድስት የምታጥብ እናት ባለሥራ ስለሆነች ማንም አይነካትም። ያችው እናት በር ላይ ተቀምጣ ልብ ወለድ ስትገልጥ ግን፣ ግማሽ ሰዓት በጸጥታ ጭቃ ሲያቦካ የነበረው ልጅ ውኃ ይጠማዋል፣ የታላቁ እርሳስ ይጠፋል፣ ጎረቤትም «እጅሽ ባዶ ከሆነማ ነይ፣ ቡና ላፍላ» ትላለች።

በዚያው መንደር ማንም የማያቋርጠው አንባቢ ግን አለ፤ እሱም ዳዊት የሚደግም ወይም ቁርኣን የሚቀራ ሰው ነው። ዳዊቱን ዘርግቶ ድምፁን ሲያሰማ ልጅ በእግሩ ጣት ይራመዳል፣ እንግዳም ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ ደጋሚው ራሱ ዶሮ ከእህል ላይ ማባረር ቢያስፈልገው እንኳ ንባቡን ሳያቋርጥ በጣቱ ያዝዛል። ይህ ክብር ከመጽሐፉ ቅድስና ብቻ የመጣ ሳይሆን አሠራርም አለበት። 150ው መዝሙር «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች፣ በዐሥር በዐሥሩ ተመድቧል፤ ውዳሴ ማርያምም ከሰኞ እስከ እሑድ ለየዕለቱ ተከፋፍሏል። ስለዚህ ሲያርሱና ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ ሰዎች የሚያነቡት ድርሻ የተወሰነ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ ድምፁም የሚሰማ ሆኖ ቆይቷል።

ለዓለማዊ መጽሐፍም ይህ አሠራር አንድ ጊዜ በሚገባ ተፈትኗል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት በተረከ ጊዜ፣ ያ ወፍራም መጽሐፍ ድርሻ፣ ሰዓትና ድምፅ ስላገኘ፣ እጁ ሊጥ ውስጥ ያለ ሰው ሳይቀር ሊከታተለው ችሏል።

፭. ምክረ ሐሳብና ውጤቱ

ከዚህ በመነሣት ለወላጅ የሚመከረው፣ ከእራት በኋላ የማይለወጥ ሰዓት ቆርጦ፣ በዕለት ሦስት ገጽ መድቦ፣ ልጆቹ ባሉበት ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ነው። የመብራት መጥፋት ቴሌቪዥኑንም አብሮ ስለሚያጠፋ በዚህ ረገድ እንደ ድጋፍ ይቆጠራል። ልጆቹ በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ይራገጣሉ፤ ታሪኩ ሲይዛቸው ግን ጎረቤት ስትጠራ «እማየ እያነበበች ነው» ብለው የሚመልሷት እነሱ ይሆናሉ።

አሠራሩ አንድ ጉድለት አለው። ለልጅ ጆሮ የማይሆን ገጽ ሲመጣ ወላጅ መዝለሉ የማይቀር ሲሆን፣ ፊደል ያልለየ ልጅ ይህን አያውቅም፤ ንባብ የለመደው ግን በትከሻ በኩል በጣቱ እየተከተለ «እማየ፣ አንድ ገጽ ዘለልሽ» ይላል። ከዚያ ምሽት በኋላ የዕልባቱ ጠባቂ ልጁ ስለሚሆን፣ ወላጅ ደክሞት አንድ ቀን ልለፍ ቢል ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ፈቃዱም በአብዛኛው አይሰጥም።