ውዳሴ መቶ ዲግሪ

በአዲስ አበባ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው የሚል ወሬ በአንዳንድ ያልታረሙ ተማሪዎች ዘንድ መሰማት ጀምሯልና፣ ይህ ኑፋቄ ሥር ሳይሰድ በሊቃውንት ጉባኤ ተመርምሮ እንዲወገዝ ማሳሰብ ለትምህርት እቈረቈራለሁ የሚል ሰው ሁሉ ግዴታ ነው። መጽሐፉ 100 ይላል፤ ከመጽሐፉ የተቀዳው የመምህሩ ማስታወሻ 100 ይላል፤ ከማስታወሻው የተቀዳው የተማሪው ደብተር 100 ይላል፤ ለአራሚው የተሰጠው የመልስ ወረቀትም ያለ አንዳች ማወላወል 100 ይላል። በዚህ ሁሉ የምስክር ደመና ፊት ብቻውን ቆሞ የሚከራከረው ቴርሞሜትር የሚባለው፣ ከብርጭቆና ከባዜቃ የተሠራ፣ ፊደል ያልቈጠረ፣ ማትሪክም ያልተፈተነ ፍጡር ነው፤ የእርሱን ቃል ተቀብሎ የመጽሐፉን መተው እንደምን ያለ ድፍረት እንደ ሆነ ልብ ያለው ይፍረድ።

የተግባር ፈተና የሚባለው ሥርዓት እንዴት እንደሚፈጸም ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ተማሪዎቹ በጠረጴዛው ዙሪያ ይቆማሉ፤ በእያንዳንዱም እጅ ዓላማ፣ ዕቃ፣ አሠራር፣ ውጤትና ማጠቃለያ የሚሉ አርእስት የተጻፉበት ወረቀት ይገኛል። ብልህ የሆነው ተማሪ ከአምናዎቹ በተረከበው ሪፖርት እየታገዘ አምስቱንም ከዋዜማው ጀምሮ ሞልቶ ስለሚመጣ፣ በማግስቱ የሚቀረው የአልኮሉን ኩራዝ ማብራት ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለወጉ ያህል እንጂ ለሌላ አይደለም። ማጠቃለያው ከሙከራው ቀድሞ ተጽፎ ማደሩን አንዳንድ ነቃፊዎች እንደ ነውር ቢቈጥሩትም፣ ነገሩ በትንቢት ዐይን ሲታይ ተማሪውን የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ ሆኖ አልታየኝም። ከመካከላቸው አንድ የዋህ ሲገኝ ግን ጎንበስ ብሎ ቴርሞሜትሩን ያያል፤ 92 ላይ መቆሙን ባየ ጊዜ ያወጣዋል፣ ይወለውለዋል፣ መልሶ ያገባዋል፤ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ባዜቃው አልነቃነቅ ቢለው ያየውን ይጽፋል፤ በቀይ እስክሪብቶም ይሰረዝበታል። በአጠገቡ ያለው ጓደኛው ግን ኩራዙ አልኮል አልቆበት፣ ውሃውም ከቧንቧ እንደ ወረደ ቀዝቅዞ ሳለ፣ 100 ብሎ ሙሉ ማርክ ይወስዳል። ይህ ፍርድ ፍጹም ርቱዕ ነው፤ የሚመዘነው ውሃው ሳይሆን ተማሪው ነውና፤ ተማሪም የሚመዘነው ዐይኑ ባየው ሳይሆን በተነገረው ቃል እስከ መጨረሻው በመጽናቱ ነው።

የዚህ ትምህርት ጥበብ እጅግ የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ሙሉ ማርክ ያገኘው ተማሪ ነገሩን ሳያውቅ ቀርቶ አለመሆኑ ነው። ነጥበ ፍሌት ምንድን ነው ብለህ ብትጠይቀው፣ የአንድ ፈሳሽ የእንፋሎት ግፊት በላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚተካከልበት ሙቀት ነው ብሎ ትንፋሽ ሳይወስድ ይወርደዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንዳለች በጂኦግራፊ ደብተሩ ጽፏል፤ ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳ እንደሚሄድ፣ በዚህም ከፍታ ያለው ግፊት በምጽዋ ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ እንደ ሆነ በሌላ ክፍለ ጊዜ ከሌላ መምህር ሰምቷል። ሦስቱ እውቀቶች በሦስት ደብተር፣ በሦስት ቀለም ተሸፍነው፣ አንዱ የሌላውን ደጃፍ ሳይረግጥ በሰላም ይኖራሉ፤ አንድ ቀን ተገናኝተው ተጨዋውተው ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ የማያውቀውን ቁጥር ይወልዱ ነበርና፣ ለየብቻ ያኖራቸው ሰው አርቆ አስተዋይ ነበር። በደብረ ብርሃን ብርድ ንፍሮ የምትቀቅል እናት፣ ባቄላው ቆላ ከሚቀቀለው ይልቅ ብዙ ማገዶ እንደሚፈጅባት ታውቃለች፤ ዳሩ ግን የእርስዋ እውቀት በምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተከፍሎ ስላልቀረበ ከእውቀት አይቈጠርም።

እንግዲህ የአዲስ ነገር ወዳጆች የሚያቀርቡትን ሐሳብ እንይ። ተማሪው ኩራዙን ከማብራቱ በፊት ቴርሞሜትሩ ስንት የሚል ይመስልሃል ተብሎ ይጠየቅና ግምቱን ይጻፍ፤ ያየው ከግምቱ ሲለይ የልዩነቱን ምክንያት በራሱ ቃል ያስረዳ፤ ደግሞም ይህንኑ ውሃ በደብረ ብርሃን፣ በምጽዋ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዳሎልም ብታፈላው ምን ይሆናል ተብሎ ይመርመር ይላሉ። የዚህን አደጋ ማን አይቶ ዝም ይላል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአምናው ወረቀት አይገለበጥም፤ ከጓደኛም አይኰረጅም፤ መምህሩ እያንዳንዱን መልስ ቁጭ ብሎ ሊያነብ ነው፤ ይባስ ብሎም ተማሪው መልሶ እርሱን ሊጠይቀው ነው። ሪቻርድ ፋይንማን የሚባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ሲያስተምር፣ ከውሃ ገጽ ስለሚንጸባረቅ ብርሃን ሕጉን አንድ ሳያጐድሉ የሚወርዱ ተማሪዎች፣ በመስኮቱ በኩል የሚታየው ባሕር ያው መጽሐፉ የሚናገርለት ውሃ መሆኑን ሳይጠረጥሩ አገኛቸው። እርሱ ይህን እንደ ጕድ ለዓለም አወራው፤ እኛ ብንሆን የምስክር ወረቀት እንሰጣቸው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረው ግን በገዛ ቤታችን ያለው የቅኔ ጉባኤ ነው። የቤተ ክህነትን ትምህርት የሽምደዳ እናት አድርጎ መንቀፍ የሠለጠነ ሰው ምልክት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በንባብና በዜማ ቤትም ቃል በቃል መያዝ መኖሩን ማንም አይክድም። ነገር ግን ከቅኔ ቤት በደረስን ጊዜ ነቀፌታችን ያጥርብናል። ተማሪው ቀን ዱር ወርዶ፣ በሰዋስው ያወቀውን ከታሪክና ከምሥጢር አስማምቶ፣ መጀመሪያ ጉባኤ ቃና፣ እያደረም እስከ መወድስ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ ይመለሳል፤ ማታ ከየኔታ ፊት ሲነግረው፣ ቤቱ ከተበላሸ ወይም ምሥጢሩ ከተፋለሰ ወዲያው ይታረማል፤ የትላንቱ ለዛሬ አይሆንም፤ የሌላ ሰው ቅኔም የእርሱ ሆኖ አይቈጠርለትም። መልስ ወረቀት የለ፣ ምርጫ የለ፣ ቁጥር የለ! ያለ አንድ የምዘና ባለሙያ ምክር ይህን ያህል ዘመን ሲሠራበት መኖሩ የሚያስገርም ነውና፣ ዘመናዊው ተማሪ ቤት ወደዚህ እንዳያዘነብል ብርቱ ጥበቃ ያስፈልጋል።

ደግነቱ ጥበቃው ተጀምሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የመጣው ትምህርት፣ ሙከራውን ከመስኮቱ ወዲያ ያለ እጅ እንዲሠራው፣ ተማሪውም እጁን አጣጥፎ የተግባር ትምህርት እንዲማር አድርጎ ነበር፤ መብራት በጠፋ ቀንም ተፈጥሮ ራስዋ ሥራዋን አቁማ ትጠብቅ ነበር። ከዚያም ወዲህ ቢሆን ቴርሞሜትሩ በቁም ሳጥን፣ ቁም ሳጥኑ በቁልፍ፣ ቁልፉ በንብረት ክፍል ኀላፊው ኪስ ተከብሮ የሚኖርበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ ኀላፊውም የተሰበረ ብርጭቆ ከደመወዙ እንደሚታሰብበት ስለሚያውቅ፣ ለቤተ ሙከራው ከመምህሩ ይልቅ የሚሳሳ ጠባቂ ነው። የማይክሮስኮፑ ላስቲክ ከመጣበት ቀን ጀምሮ አልተገለጠም። ተቈጣጣሪዎች በመጡ ጊዜ ሳጥኑ ይከፈትላቸዋል፤ ቴርሞሜትር፣ የተሰበረ የለም፤ ቢከር፣ የተሰበረ የለም፤ የአልኮል ኩራዝ፣ ክሩ እንኳ ያልጠቈረ፤ እነርሱም ይህን ሁሉ በመዝገብ አስፍረው፣ የተግባር ትምህርት አፈጻጸም እጅግ በጣም ጥሩ ብለው ፈርመው፣ ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ያልፋሉ።